የአሠልጣኝ ክብር በምን ይለካል?

በአገራችን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የሐረርጌው ገዥ ራስ መኰንንም አባ ቃኘው ተብለዋል። በዚህ ልማድ ፈረሰኛው ብቻ ሳይሆን ፈረሱም የክብሩ ተካፋይ ሆኖ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ነገር ግን ያን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ልጓም ያስለመደው፣ ዳገት ያስወጣው፣ ላቡን ያደረቀለት፣ ከዘመቻ በፊት ስንት ቀን ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው ባልደራስ ማን ነበር ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን መልስ የለንም። እንስሳው ስም ሲያገኝ ያሠለጠነው ሰው ስም አጣ።

ይህን ያነሣነው ስለ ፈረስ ለመጻፍ አይደለም። ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፣ የሌላውን ሰው ጉልበት በማበርታት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ይኸውም የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩና የአካል ብቃት አሠልጣኙ፣ ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው ሊከበር ሲገባው ክብሩ በምን ሚዛን ይመዘናል የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የድካሙ ፍሬ በሌላ ሰው አካል ላይ የሚታይና በሌላ ሰው ስም የሚጠራ ሠራተኛ ሁሉ ያለበት ስለ ሆነ፣ መምህሩንም፣ አዋላጂቱንም፣ በየጽሕፈት ቤቱ የአለቃውን ንግግር የሚያዘጋጀውን ጸሓፊም ይነካል።

ጉልበት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አሠልጣኝ ምን ይጨምርበታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ስጦታ ነው። ነገር ግን እርሻም ስጦታ ሆኖ ሳለ ገበሬ ያስፈልገዋል። የሰው አካል ሥራ ሲጫንበት ይደክማል፤ በቂ ዕረፍትና ምግብ ካገኘ ደግሞ ቀድሞ ከነበረበት ጥቂት ከፍ ብሎ ይነሣል። ሥራው ቢያንስበት ለውጥ አያሳይም፤ ቢበዛበት ወይም ዕረፍቱ ቢያጥርበት ይጎዳል። ከዚህም በላይ ጡንቻ ቶሎ ሲጠነክር ጅማት ይዘገያል። ስለዚህ ወጣቱ በረታሁ ብሎ በሚመካበት በዚያው ወራት፣ ጅማቱ ገና ስላልደረሰ፣ ለመሰበር የቀረበ ነው። ይህን የሚያውቀው ልጁ አይደለም፤ አሠልጣኙ ነው። የአሠልጣኝ ዋናው ጥበብ ሩጥ ማለት ሳይሆን ዛሬ ይበቃሃል ማለት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ ሥራ በሌላው ዓለም እንኳ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 በአሜሪካ አገር በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦይድ ኤፕሊ የተባለ የምርኩዝ ዝላይ ተወዳዳሪ ጀርባውን ተጎድቶ ክብደት በማንሣት ራሱን ያጠነክር ነበር። ጉዳት ደርሶባቸው ከጨዋታ የራቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች እሱን እያዩ አብረውት ቢሠሩ ከቀድሞው በርትተው ስለ ተመለሱ፣ የቡድኑ ኃላፊዎች ጠርተው ሁሉንም እንዲያሠለጥን ቀጠሩት። በዚያን ጊዜ ክብደት የሚያነሣ ሰው ፍጥነቱ ይቀንሳል ተብሎ ይፈራ ነበርና፣ ዋናው አሠልጣኝ አንድ ሰው እንኳ ቢዘገይ ከሥራ ትወጣለህ ብሎ እንዳስጠነቀቀው ይነገራል። ኤፕሊ በ1978 የሙያውን ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩ ለዕድሜ ልክ አገልግሎት የሚሰጠው ሽልማትም በእሱ ስም ይጠራል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። በዚህ ሙያ መነሻ ላይ አሠልጣኙ የተመዘነበት የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ዋንጫ አመጣህ ሳይሆን ማንን ጎዳህ የሚል ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። ይህን የማያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራችን መጥቶ አበበን ያሠለጠነውን ስዊድናዊ፣ ኦኒ ኒስካነንን፣ የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ከቀዶ ሕክምና የተነሣ ሰው መቼ እንደሚራመድ፣ መቼ እንደሚሮጥ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሮጦ እንደሚያቆም መወሰን በሜዳልያው ላይ የማይጻፍ ሥራ ነው። በኦሊምፒክ ሕግ ሜዳልያ ለተወዳዳሪ እንጂ ለአሠልጣኝ አይሰጥምና።

ከእሱ በኋላ የተነሡት የራሳችን ሰዎች ዕድላቸው ጥቂት ተሽሏል። በሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ሕዝቡ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራውን ብሔራዊ ቡድን የመሩ ሰው መሆናቸውን ያውቅ ነበር። በአርሲ በበቆጂ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱም፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ስላሠለጠኑ ስማቸው ከአገር አልፎ ተሰምቷል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ደግሞም የሚገባቸው ነው። ነገር ግን ስማቸው የተሰማው ደቀ መዛሙርታቸው ስላሸነፉ ነው። ልማዱም አዲስ አይደለም። የጥንቱ የግሪክ ባለ ቅኔ ፒንዳር ለአሸናፊዎች በገጠመው ውዳሴ ውስጥ መሌስያስ የተባለውን የትግል አሠልጣኝ በስሙ አንሥቶታል፤ ያመሰገነውም ደቀ መዛሙርቱ ሠላሳ ጊዜ ማሸነፋቸውን ቈጥሮ ነው። ቈጠራው ሃያ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሆነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን የሚጀምረው ቈጠራው ባዶ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ከበቆጂ ደጋ ወደ አሰቦት ቈላ እንውረድ።

በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ስትሆን፣ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የልጆቿ ደም አየር መሸከምን ከልጅነቱ ይለምዳል። አሰቦት ግን ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ ሲሄዱ የምትገኝ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ ያለፈባት፣ የምዕራብ ሐረርጌ የቈላ ከተማ ናት። ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ልጆቿ ማሽላ ይጠብቃሉ፣ ከብትና ፍየል ያግዳሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው በአንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይራገጣል። ከከተማይቱ በላይ ተራራው ይታያል፤ በተራራው ላይም የደብረ ወገግ ሥላሴ ገዳም አለ። ወደ ገዳሙ ስለ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህች ከተማ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሠላሳ ዓመት አስተማረ እንበል። መሣሪያ ስላልተሰጠው ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ እየተከለ ክብደት ሠራ። ሙቀቱን ስለሚያውቅ ልጆቹን ፀሐይ ሳይወጣ አሠራቸው። ከደጋ የመጣ እንግዳ ልጅ በክፍሉ ሲገባ፣ አካል ሙቀትን ለመልመድ ከአሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ያህል እንደሚፈልግ ያውቃልና፣ ሁለት ሳምንት በዝግታ አስጀመረው። ጠዋት ሳይበላ የመጣውን ልጅ ፊቱን አይቶ ለይቶ አስቀመጠው። ልጃገረዶቹ ከሜዳው ዳር ቆመው እንዳይቀሩ ከእናቶቻቸው ጋር ተከራከረ። ከነዚህ ልጆች መካከል አንድም ለብሔራዊ ቡድን አልደረሰም። ሾፌር፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ ፖሊስ፣ አርብቶ አደር ሆኑ። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ የምስጋና ደብዳቤና የግድግዳ ሰዓት ተሰጠው። (ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲይዝ ለኖረ ሰው ሰዓት መስጠት የማን አሳብ እንደ ሆነ ብናውቅ በወደድን።)

ይህን ሰው በበቆጂው ሚዛን ብንመዝነው ምንም አልሠራም ልንል ነው። የበቆጂው መምህር ወደ አሰቦት ቢዛወርና የአሰቦቱ ወደ በቆጂ ቢሄድ ኖሮ ግን ቈጠራው ምን ይሆን ነበር? ሜዳልያ ከአሠልጣኙ ጥበብ ብቻ የሚወለድ አይደለም፤ ከምድሩ ከፍታ፣ ከልጁ ትውልድ፣ ከዘመኑ ዕድልም የሚወለድ ነው። ክብሩን ለሰውዬው እንሰጣለን ስንል ለተራራው ሰጥተነው እንዳይሆን ያሠጋል።

ከዚህ የሚብስም አለ። የአሠልጣኝ መልካም ሥራ አብዛኛው በመሆን የሚታይ ሳይሆን ባለመሆን የሚታወቅ ነው። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖርዌይ ሊቃውንት 1,900 ያህል ልጃገረድ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ከጨዋታ በፊት የተወሰነ የማሟሟቂያና የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ አደረጉ። እንቅስቃሴውን በሠሩት ዘንድ የጉዳቱ መጠን በጠቅላላው በሲሶ ገደማ፣ ከባዱ ጉዳት ደግሞ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከነዚያ ልጃገረዶች መካከል ከጉዳት የዳነችው የትኛዋ ናት ቢባል ግን ማንም ሊያሳይ አይችልም። ያልተሰበረ እግር ባለቤቱም አያውቀውም። የተጎዳ ሰው ወጌሻውን ያመሰግናል፤ ያልተጎዳ ሰው የሚያመሰግነው የለውም። የአሰቦቱ መምህር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው በአብዛኛው እንዲህ ያለውን፣ አመስጋኝ የሌለውን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ድል መመዘኛ ካልሆነ ታታሪውን ከሰነፉ በምን እንለያለን? በሰላም ወጥቶ የገባ ሁሉ ሊሸለም ነውን? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የኮሌጅ የአካል ብቃት አሠልጣኞች ማኅበር ከፍተኛውን የሊቅነት ማዕረግ ለመስጠት ቢያንስ 12 ዓመት ሙሉ አገልግሎትን ይጠይቃል። ዓመትን መቍጠር መልካም ጠባይ አለው፤ በዕድል አይወሰንም፣ የደጋውንና የቈላውን አያበላልጥም። ነገር ግን ብቻውን ከሆነ ወንበር ማሞቅን ያስከብራል። በየመሥሪያ ቤቱ ሃያ ዓመት አገለገልን የሚሉ፣ በእውነቱ ግን አንድን ዓመት ሃያ ጊዜ የደገሙ ሰዎች እንዳሉ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ድልን ብቻ መቍጠርስ ምን ያመጣል? ይህን በራሳችን አገር አይተነዋል። ውጤት ብቻ የሚያስከብር ከሆነ፣ አሠልጣኙ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ሥራ ቢጭን አይፈረድበትም፤ ልጁ ቢያሸንፍ አሠልጣኙ ይሸለማል፣ ቢሰበር ሌላ ልጅ ይመጣል። ዕድሜን አሳንሶ ማስጻፍ የተለመደው ስለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በአበረታች መድኃኒት ቍጥጥር ድክመት ምክንያት አምስት አገሮችን በብርቱ ክትትል ሥር ሲያደርግ፣ አንዲቱ ኢትዮጵያ ነበረች። ያን ያደረሰብን የአትሌቶች ስስት ብቻ ነው ማለት ራስን ማታለል ይመስለናል። ሕዝብ የሚያከብረውን ያንኑ ያገኛል፤ እኛም ያከበርነው የፍጻሜውን ገመድ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ዓመቱም ብቻውን፣ ድሉም ብቻውን ካልሆነ፣ ሌላ ሚዛን ከወዴት ይምጣ? ከሩቅ አንፈልገው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቅኔ ወይም የዜማ ተማሪ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ደቀ መዝሙር ነህ ተብሎ ነው። የመምህሩን ስም ይናገራል፤ የመምህሩ መምህርም ይነሣል። ተማሪው ሊቅ ይሁን አይሁን የመምህሩ ስም አብሮት ይሄዳል፤ ቢያጠፋ ያሳፍረዋል፣ ቢያለማ ያስመሰግነዋል። እዚህ ላይ መምህሩ የሚመዘነው በአንድ ታላቅ ደቀ መዝሙር ሳይሆን ከእጁ በወጡት በሁሉም ነው። በአስኳላ ትምህርት ቤቶቻችን ሌላውን ሁሉ ስንወርስ ይህን አንዱን ጥለነዋል። ዛሬ የሚያስፈልጉን ወረቀቶች ከየት ትምህርት ቤት እንደ ወጣን ይናገራሉ እንጂ ከማን እጅ እንደ ወጣን አይናገሩም።

ወደ አሰቦት ገዳም የምንመለሰውም ለዚህ ነው። በዚያ ተራራ የሚኖሩት መነኰሳት ስለ ክብር ብንጠይቃቸው፣ ምስጋና ነፍስን ያሰንፋታል፣ ውዳሴ ከንቱን ሽሹ እንደሚሉን አያጠራጥርም። ይህም ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የከበደው ነው። መልካም አሠልጣኝ ክብር መፈለግ ይገባዋልን? የፈለገ ዕለት ዛሬ ይበቃሃል የማለት ኃይሉን አያጣምን? ይሁን እንጂ ገዳሙ ራሱ የሚጠራው በማን ነው? በአቡነ ሳሙኤል ዘወገግ ነው። አቡነ ሳሙኤልስ የሚታወቁት በምንድር ነው? የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር በመሆናቸው ነው። ውዳሴን የሚሸሹት ሰዎች እንኳ የመምህራቸውን ስም አልተዉም፤ በየዓመቱ ይዘክሩታል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለራስ ክብርን መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ ያስተማረንን ሰው ስም መጥራት ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው። አርስጣጣሊስ ክብር የሰው ዋና ዓላማ ሊሆን አይችልም ያለው ከተቀባዩ ይልቅ በሰጪው እጅ ያለ ስለ መሰለው ነው። በሰጪው እጅ ካለ እንግዲያው ጉድለቱም የሰጪው ነው። የተረሳው አሠልጣኝ ምንም አልጎደለበት ይሆናል፤ የጎደለብን እኛ ነን።

በነገራችን ላይ ከአሰቦት አልፎ ወደ ደጋው የሚገኘው የጭሮ ከተማ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ይባል ነበር። ያሰበው ሰው በስሙ ተጠራ። ጨርጨርን ያስተዳደሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተማይቱን ለማቅናት እንደ ደከሙም ከታሪክ የተማረ ሰው ያውቃል። መንገዱን የጠረጉትን፣ ድንጋዩን የፈለጡትን፣ ለጠራጊዎቹ ጉልበት እህል የፈጩትን የሚያስብ ስም ግን በዚያች ከተማ አልተሰየመም። ስም አሰጣጣችን ከጥንት ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ ማየት የለመደ ነው።

ወደ ሥራ ላይ ስናመጣው ነገሩ ይከብዳል፤ የሚቻል ግን ነው። ትምህርትንና ስፖርትን የሚመሩት መሥሪያ ቤቶች ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ለአሠልጣኞች የዕድሜ ልክ ሥራ ክብር ልንሰጥ ነው ቢሉ፣ ከየክልሉ የውጤት ዝርዝር ተቀብለው በአዲስ አበባ አዳራሽ ዋንጫ ማደል አይበቃቸውም። መርማሪ መላክ አለባቸው። መርማሪው አሰቦት ወርዶ፣ መምህሩን ሳይሆን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተማሩትን ፈልጎ ማነጋገር አለበት። ጉልበታችሁ እንዴት ነው? ወገባችሁስ? በትምህርት ቤት ሳላችሁ የተጎዳ ልጅ ነበረ ወይ፣ ሲጎዳስ መምህሩ ምን አደረገ? ደካማውን ልጅ ከሜዳ አስወጣው ወይስ ሥራ ሰጠው? ሴቶቹ ሮጡ ወይስ ተቀምጠው አዩ? ለልጆቻችሁ ካስተማራችሁት እንቅስቃሴ ከእሱ የተማራችሁት የትኛው ነው? ሾፌሩ በቀን ዐሥር ሰዓት ተቀምጦ ሲውል መምህሩ ያሳየውን ጀርባ የማፍታታት ሥራ እስከ ዛሬ የሚሠራ ከሆነ ይህ ይጻፍ። አምሳ ዓመት የሞላት እናት ለንግሥ ወደ ገዳሙ በእግሯ የምትወጣ ከሆነም ይጻፍ፤ ከየት እንደ ለመደችው ትጠየቅ። ሰነፍ መምህር በእንዲህ ያለ ምርመራ አያመልጥም፤ ደቀ መዛሙርቱ የሚሉለት አይኖራቸውምና። ታታሪውም ተራራ ስለ ሌለው ወይም ሜዳው ቈላ ስለ ሆነ አይቀርበትም።

ምርመራው መምህሩ በሥራ ላይ ሳለ ቢደረግ ደግሞ ይበልጣል። በጡረታ ዋዜማ የሚሰጥ ክብር ለቤተ ሰቡ ደስታ ነው፤ በዐሥራ አምስተኛው ዓመት የሚሰጥ ግን ከጎኑ ያለው ወጣት መምህር ሙያውን ልተወው ወይስ ልግፋበት እያለ በሚያመነታበት ጊዜ ይደርሳል። የአሰቦቱ መምህር ጓደኞች ብዙዎቹ ወደ ንግድ የሄዱት ደመወዙ ስላነሰ ብቻ አልነበረም፤ የሚሠሩትን የሚያይ ሰው ስላልነበረም ጭምር ነው ብለን እናምናለን።

የመርማሪው የመንገድ አበል ከሽልማቱ ዋጋ ሊበልጥ ነው የሚል ወቀሳ ከሒሳብ ክፍል እንደሚመጣ ከአሁኑ ይታየናል። ይብለጥ። ከዋንጫው ይልቅ መምህሩን የሚያስደስተው፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በዚያ ሙቀት አሰቦት ወርዶ፣ በሲሚንቶ የተሞሉትን ጣሳዎች በእጁ አንሥቶ ክብደታቸውን መጠየቁ ሳይሆን አይቀርም።